ስርጉድ ደረት በምን ይቃናል?

ነገ ተመድበን በምንሄድባቸው ትምህርት ቤቶች፣ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሸሚዜን አላወልቅም ብሎ ዳር የሚቆም ልጅ ሊያጋጥመን ይችላል። ጓደኞቹ በካናቴራ ሲሯሯጡ እሱ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ትከሻውን ወደ ፊት ጎበጥ አድርጎ ይመለከታል። አንድ ሁለት ዙር ቢሮጥም ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ‹‹ይኼ ልጅ ሥራ ጠል ነው›› ብሎ ማርክ መቀነስ ለአስተማሪ በጣም ቀላል ነው። ሸሚዙ ሥር ያለውን ያየ ግን እንዲህ አይልም። ፍርምባው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ መካከሉ ላይ ጭብጥ የሚያስገባ ጉድጓድ የሠራ ደረት ሊሆን ይችላልና።

ይህ የደረት ቅርጽ በሕክምና ቋንቋ ፔክተስ ኤክስካቫተም ይባላል፤ የላቲን ቃል ሲሆን የተቦረቦረ ደረት እንደ ማለት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ስርጉድ ደረት እንለዋለን። ዓላማችንም ጉድለቱ ምን እንደሆነና፣ በተለይም ደረት ሳይከፈት፣ አጥንትም ሳይቆረጥ በአንድ የታጠፈ ብረት የሚቃናበትን የቀዶ ጥገና ዘዴ ባጭሩ ማስረዳት ነው። ባጭሩ እንበል እንጂ ነገሩ ራሱ የሚስብ ስለሆነ ትንሽ ሳንረዝም አንቀርም።

እንደሚታወቀው ደረታችን እንደ ቅርጫት ያለ ነው። ከኋላ የጀርባ አጥንት፣ ከፊት ፍርምባ አለ፤ በየጎኑም 12 የጎድን አጥንቶች አሉ። ከነዚህም የላይኞቹ 7ቱ በቀጥታ፣ ቀጥለው ያሉት 3ቱ ደግሞ ከላያቸው ያለውን ተደግፈው ከፍርምባ ጋር ይያያዛሉ፤ የመጨረሻዎቹ 2ቱ ግን እስከዚያ አይደርሱም። መያያዣው ታዲያ ጠንካራ አጥንት ሳይሆን ልም አጥንት ነው። ፍርምባ ጥብስ የበላ ሰው ጥርሱ ሥር ሲቀረጠፍ የሚያውቀው ነጭ ነገር ማለት ነው። ልም አጥንት በልጅነት እንደ እርጥብ ሸምበቆ ይለመጣል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን እየጠነከረ ይሄዳል። አንባብያን ይህችን ነጥብ እንዲይዙልን እንጠይቃለን፤ የቀዶ ጥገናው ምሥጢር ያለው እዚችው ላይ ነው።

በስርጉድ ደረት ላይ የሚታየው እነዚህ ልም አጥንቶች ቅርጻቸውን ስተው ወደ ውስጥ በመታጠፍ ፍርምባውን ወደ ጀርባ አጥንት ሲገፉት ነው። በብዛት የሚጎደጉደው የፍርምባው የታችኛው ክፍል ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የተጠናቀሩ መረጃዎች እንደሚሉት ከ300 እስከ 400 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ላይ ይገኛል፤ በወንዶች ላይ የሚታየውም በሴቶች ላይ ከሚታየው ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይበልጣል። ከ10 ሰዎች 4 ያህሉ በቤተሰባቸው ውስጥ እንደነሱ ያለ ደረት ያለው ዘመድ አላቸው። ብዙውን ጊዜ በሕፃንነት ጥቂት ጎድጎድ ብሎ ይጀምርና ቁመት በሚመዘዝበት በ12 እና በ15 ዓመት መካከል ድንገት ይብሳል። እንግዲህ ልጁ የሚባስበት ጊዜና ስለ ሰውነቱ ማፈር የሚጀምርበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ ማለት ነው። የዚያ ዕድሜ ነገር ለኛ እንኳን ሩቅ አይደለም።

ስለ መንስኤው ድሮ ብዙ ይወራ ነበር። በጀርመን አገር ‹‹የጫማ ሰፊ ደረት›› ይሉት ነበር፤ ጫማ ሰፊው ቅርጹን ደረቱ ላይ አስደግፎ ሲሠራ ፍርምባው ወደ ውስጥ የገባ መስሏቸው ነው። ሥራውን ሳይጀምሩ በእናታቸው ጀርባ ያሉ ሕፃናት ደረት መሰርጎዱን ማን ይንገራቸው! በፀሐይና በቪታሚን ዲ እጦት የሚመጣው የአጥንት መልፈስፈስ፣ ማለትም ሪኬትስም የደረትን ቅርጽ ያበላሻል፤ ይኸኛው ግን ሌላ በሽታ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። ስርጉድ ደረት ልጁ ስለ ተራበ ወይም አዘቅዝቆ ስለ ተቀመጠ የሚመጣ አይደለም። ወላጅንም ልጅንም ጥፋተኛ ማድረግ አይገባም።

ለመሆኑ ጉዳቱ ምንድን ነው? በፍርምባና በጀርባ አጥንት መካከል ያለው ባዶ ቦታ አይደለም፤ ልብ ያለው እዚያ ነው። ፍርምባው ወደ ውስጥ ሲገባ ልብን፣ በተለይም ከፊት ያለውን የቀኝ ክፍሏን ይጫናል፤ ወደ ግራም ገፋ ያደርጋታል። በተቀመጠበት ሰውዬው ምንም ላይሰማው ይችላል። በሚሮጥበት ጊዜ ግን ልብ በያንዳንዱ ምት ብዙ ደም መርጨት ሲገባት ለመሙላት በቂ ቦታ ታጣለች። ስለዚህ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ አንዳንዴም የደረት ሕመም ይመጣል። ሁሉም ሰው ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ብዙዎቹ ጉድጓዳቸው ቀላል ስለሆነ ዕድሜ ልካቸውን ያለ ሐኪም ይኖራሉ፤ ይሮጣሉ፣ ያርሳሉ፣ ይወልዳሉ።

ታዲያ ከባዱን ከቀላሉ የሚለየው ማነው? እዚህ ላይ ሒሳብ ለሚወዱ ጓደኞቻችን አንድ ጥሩ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሃለር የተባሉ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው አንድ መለኪያ አወጡ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሲቲ ስካን ፎቶ ላይ የደረቱ የውስጥ ስፋት ከግራ ወደ ቀኝ ይለካል፤ ቀጥሎ ከፍርምባው እስከ ጀርባ አጥንቱ ያለው ጥልቀት ይለካል፤ ስፋቱ ለጥልቀቱ ይካፈላል። ስፋቱ 26፣ ጥልቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 2.6 ነው፤ ጤናማ ደረት በዚህ አካባቢ ይገኛል። ጥልቀቱ ወደ 8 ሲወርድ 3.25 ይመጣል፤ ከዚህ በላይ የሆነው ከባድ ይባላል። ጥልቀቱ 6.5 ብቻ ከሆነ 4 ይሆናል። ሐኪሞቹ በዚህ ቁጥር ብቻ አይወስኑም፤ የልብና የሳንባ ምርመራም ይጨምሩበታል።

አሁን ወደ ሕክምናው እንለፍ። በ1594 ባውሂኑስ የተባሉ የስዊስ ሐኪም ይህን ጉድለት በጽሑፍ ገልጸውታል፤ በቢላዋ ለማቃናት የደፈረ ግን ለ300 ዓመታት አልተገኘም። በ1913 ዛወርብሩህ የተባሉ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም አንድ የ18 ዓመት ወጣት አከሙ። ልጁ በአባቱ የሰዓት ፋብሪካ ውስጥ መሥራት አቅቶት፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ያጥረው፣ ልቡም ይመታበት ነበር። ከቀዶ ጥገናው 3 ዓመት በኋላ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ሳይደክመው ይሠራ እንደነበር ተጽፏል። ቀጥሎ በ1949 አሜሪካዊው ዶክተር ማርክ ራቪች ለብዙ ዘመን የተሠራበትን ዘዴ አሳተሙ። የደረቱ ፊት በሰፊው ይቀደዳል፤ የተጣመሙት ልም አጥንቶች ተቆርጠው ይወጣሉ፤ ፍርምባው ራሱ በአግድም ተሰብሮ ወደ ፊት ይቃናል። ሥራው ረጅም ነው፣ ደም ይፈሳል፣ ትልቅ ጠባሳም ይቀራል።

ከዚህም የባሰ ነገር ነበረ። በጊዜው ‹‹ልጁ ትንሽ እያለ ቶሎ ይሠራለት›› የሚል አስተያየት ስለነበረ በጣም ሕፃናት የሆኑ ልጆች ብዙ ልም አጥንት ወጥቶላቸዋል። የጎድን አጥንት የሚያድገው ግን በዚያው በልም አጥንቱ በኩል ነው። ልጆቹ ቁመታቸው ሲጨምር ደረታቸው በሕፃንነት መጠን ቀረ። ትልቅ ሰውነት በትንሽ ሳንባ መተንፈስ ሆነባቸው። እነዚሁ መለኪያውን ያወጡት ዶክተር ሃለር በ1996 ይህንን አደጋ ዘርዝረው በማሳተም፣ ያለጊዜው እና ከመጠን በላይ መቁረጥ ይቅር ሲሉ አስጠነቀቁ። ልጁን ሊያድኑ ብለው እንዳያድግ ማሰር! ይህንን ስናነብ ከልብ አዝነናል።

ይህ ማስጠንቀቂያ ከመታተሙ በፊት ግን በአሜሪካ በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር፣ በኖርፎክ ከተማ በሚገኘው ኪንግስ ዶተርስ የሕፃናት ሆስፒታል የሚሠሩ ዶክተር ዶናልድ ነስ የተባሉ ቀዶ ሐኪም ሌላ መንገድ ጀምረው ነበር። ሐሳባቸው የተነሣው ሁሉም ሐኪም በየቀኑ ከሚያያቸው 3 ነገሮች ነው። አንደኛ፣ የልጅ ደረት በጣም ለስላሳ ነው፤ ልቡ የቆመ ልጅ ደረቱ ሲጫን ጎድጉዶ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ለብዙ ዓመት በሳንባ በሽታ የተሠቃዩ ሽማግሌዎች ደረታቸው እንደ በርሜል ክብ ይሆናል፤ ይኸውም አጥንቱ ጠንክሯል በሚባልበት ዕድሜ እንኳ ደረት ቅርጹን መለወጥ ይችላል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን በጀሶ እየታሠረ ቀስ በቀስ ይቃናል፤ የተጣመመ ጥርስም በሽቦ ታሥሮ ይስተካከላል። እግርና ጥርስ ሳይቆረጡ ከተቃኑ የሁሉ ለስላሳ የሆነው ደረት ለምን ይቆረጣል? ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። በ1987 የመጀመሪያውን ልጅ በዚህ አስተሳሰብ አከሙ።

አሠራሩን እንግዲህ እንከታተል። በሽተኛው በማደንዘዣ ይተኛል፤ በጀርባው ተንጋሎ እጆቹን ይዘረጋል። ሐኪሙ ከብብት እስከ ብብት ያለውን ርቀት ለክቶ፣ ጠፍጣፋውን ብረት በማጠፊያ መሣሪያ እንደ ቀስተ ደመና ያጎብጠዋል። ብረቱ የማይዝግ ስቲል ነው፤ ኒኬል የሚባለው ማዕድን ለሚያሳክከው ሰው ቲታኒየም ይሠራለታል። ከዚያ በግራና በቀኝ ጎን፣ ከብብት ዝቅ ብሎ፣ በየጎኑ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀደዳል። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ ደረቱ ይገባል፤ ሐኪሙም ውስጡን በቴሌቪዥን መስታወት ላይ ያያል። ካሜራው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልነበረም፤ ኋላ የተጨመረ ነው፤ ለምን እንደ ተጨመረ ወዲያው ይገባናል።

ቀጥሎ ረጅምና ጎበጥ ያለ ብረት በአንደኛው ጎን ከጡንቻው ሥር ገብቶ፣ በጎድን አጥንቶች መካከል ወደ ውስጥ ይዘልቅና በልብና በፍርምባ መካከል ቀስ እያለ መንገድ ይከፍታል። የሥራው ሁሉ አስፈሪው ቦታ ይኸ ነው። ልብ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ እየመታች ነው። ካሜራው ያስፈለገውም እዚህ ላይ ሐኪሙ በእጁ ስሜት ብቻ እንዳይሄድ ነው። ጫፉ በሌላኛው ጎን ሲወጣ ጠንካራ ጥብጣብ ይታሠርበትና ወደ መጣበት ይሳባል። ሱሪ ወገብ ውስጥ ላስቲክ በመርፌ ቁልፍ ያስገባን ሁሉ ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል። ከጥብጣቡ ጋር የታሠረው ቅስት ብረት በተከፈተው መንገድ ተስቦ ከጎን እስከ ጎን ይደርሳል።

ሲገባ ግን ሆዱ ወደ ታች ነው፤ እንደ ጀልባ። ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ስለሆነ ብረቱም ጉድጓዱን ተከትሎ ነው የሚያልፈው። ልክ ቦታውን ሲይዝ ሐኪሙ ሁለቱን ጫፎች ይዞ ብረቱን ግማሽ ዙር ይገለብጠዋል። ጀልባው ቀስተ ደመና ይሆናል። ፍርምባውም እንደ ክሪክ ከሥሩ ተገፍቶ ብድግ ይላል! በአንድ ቅጽበት፣ አንድም አጥንት ሳይቆረጥ ጉድጓዱ ይጠፋል። ብረቱ ተመልሶ እንዳይገለበጥ ጫፎቹ ከጎድን አጥንቶቹ ጋር ይታሠራሉ፤ ከጫፉም ላይ መደገፊያ ብረት ይደረግለታል። ትልልቅ ወጣቶች ደረታቸው ጠንከር ስለሚል ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ብረት ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሚሠራው ጊዜ ነው፤ ልም አጥንቱ በብረቱ ላይ እየተደገፈ አዲሱን ቅርጽ ይለምዳል።

ዶክተር ነስ ሥራቸውን ወዲያው አላስጮኹም። 10 ዓመት ጠበቁ። በ1997 በአሜሪካ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ አቀረቡ፤ በ1998 ታተመ። በዚያ ጽሑፍ ዕድሜያቸው ከ15 በታች የሆኑ 42 ልጆች ተጠቅሰዋል። ብረቱ ከወጣላቸው ከ30ዎቹ ውስጥ 22ቱ በጣም ጥሩ፣ 4ቱ ጥሩ፣ 2ቱ መካከለኛ፣ 2ቱ ደግሞ መጥፎ ውጤት አግኝተዋል። የፈሰሰው ደም በአማካይ 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። መጥፎውንም ሳይደብቁ፣ የመጀመሪያዎቹ ብረቶች በጣም ለስላሳ ስለነበሩ እንደ ታጠፉባቸው ጽፈዋል። እኛ ከሁሉ የበለጠ የወደድነው ይህንን ነው፤ የተሳካውን ብቻ ቆጥሮ ማቅረብ ይቻል ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በስማቸው ተጠርቶ በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ዕድሜውም ተለወጠ፤ መጀመሪያ በትንንሽ ልጆች ላይ ይሠራ የነበረው አሁን በብዛት ልጁ ቁመት በሚጨምርበት በአሥራዎቹ ዕድሜ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ደረቱ ገና ይለመጣል፣ ዕድገቱም ወደ ማለቁ ስለሆነ ጉድጓዱ የመመለሱ ዕድል ይቀንሳል።

ቁስሉ ትንሽ ነው ማለት ግን ሕመሙ ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ለዓመታት ገብቶ የነበረን ደረት በአንድ ጊዜ ብድግ ማድረግ ከባድ ሕመም ያመጣል። ስለዚህ በሽተኛው ከአራት እስከ አምስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ጠንካራ ማስታገሻ ሲወስድ ኖሯል። በቅርብ ዓመታት የተስፋፋ አንድ መላ አለ፤ በጎድን አጥንቶች ሥር የሚያልፉት ነርቮች ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ለጥቂት ደቂቃ ይነካሉ። ነርቩ ለተወሰኑ ወራት ደንዝዞ ቆይቶ ቀስ በቀስ ያገግማል፤ ልጁም ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አደጋም አለው። ብረቱ ከቦታው ሊንሸራተት፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ በሳንባ ዙሪያ አየር ሊገባ ይችላል። እጅግ አልፎ አልፎ ልብ ተበስታ ሰው የሞተበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ‹‹ቀላል ነች፣ ሂድና ተሠራ›› ብሎ ልጅን መምከር የአስተማሪ ሥራ አይደለም። ቀለል ላለ ጉድጓድ ያለ ቀዶ ጥገና የሚሞከር መሣሪያም አለ። ኤካርት ክሎበ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ራሱ ስርጉድ ደረት ስለነበረው ለራሱ ብሎ የሠራው የላስቲክ ጎድጓዳ ነው፤ ደረት ላይ ተደፍቶ አየሩ ሲመጠጥ ፍርምባውን ወደ ውጭ ይስባል። በየቀኑ ለብዙ ወራት መልበስን ይጠይቃል፤ የሚሠራውም በይበልጥ ደረታቸው ለስላሳ ለሆነ ልጆች ነው። ስፖርትስ? ስፖርት ጎባጣ ትከሻን ያቃናል፣ ጡንቻ ይሞላል፣ ጉድጓዱን ግን አይደፍንም።

አንድ ክርክር ሳናነሣ ማለፍ አንፈልግም። በ2019 የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ጥቅሙ በበቂ ማስረጃ አልተደገፈም በማለት የዚህን ቀዶ ጥገና ወጪ በመደበኛነት መሸፈን አቆመ፤ በኋላ እጅግ የከፋ ለሆነባቸው ጥቂት ሰዎች መንገድ ከፍቷል። ክርክሩ ‹‹ይኸ ሕክምና ነው ወይስ መልክ ማሳመር?›› የሚል ነው። የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ የማይናቅ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ውሱን ነው፣ ልብ አጠገብም ብረት ማስገባት ቀልድ አይደለም። በሌላ በኩል በ2008 በታተመና በብዙ ሆስፒታሎች በተካሄደ ጥናት፣ ልጆቹም ወላጆቹም ከሕክምናው በኋላ ስለ ሰውነታቸው ያላቸው ስሜትና ስፖርት የመሥራት ብርታታቸው በጣም እንደ ተሻሻለ ተናግረዋል። እኛ ይህን ከሚመዝኑት ጎን እንቆማለን። አንድ ልጅ ለ5 ዓመት ዋና ሳይዋኝ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሳይጫወት፣ በሙቀት ሹራብ ለብሶ ከኖረ ‹‹መልክ ብቻ ነው›› ማለት ጉዳቱን በግማሽ መቁጠር ነው።

ብረት የገባለት ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ አስተማሪው ማወቅ የሚገባው ጥቂት ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጽሐፍ የሞላ ቦርሳ አይሸከም፣ ዴስክ አያንሣ፣ ወገቡን እየጠመዘዘ አይሥራ። መራመድና በጥልቀት መተንፈስ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይበረታታል። እንደ እግር ኳስና ትግል ያሉ መጋጨት ያለባቸው ጨዋታዎች እስከ 3 ወር ይቆዩ፤ የሐኪሙ ወረቀት ሌላ ካለ እሱ ይፈጸም። አይምጣና ልቡ ቢቆም ደግሞ ብረት አለ ተብሎ ደረቱን መጫን አይተውም፤ እንዲያውም ብረቱ ስለሚቋቋም ከወትሮው ጠንከር ተደርጎ ይጫናል።

ብረቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ዓመት ይቆያል። ቀድሞ ከወጣ ጉድጓዱ ሊመለስ ይችላል፤ ጊዜውን ጠብቆ ከወጣ የሚመለስበት ሰው ከመቶ ጥቂት ነው። ለማውጣት በዚያው በድሮው ጠባሳ በኩል ተከፍቶ የብረቱ ጫፎች ይቃናሉ፣ ከዚያም ወደ አንድ ጎን ይሳባል። ልጁ ብዙ ጊዜ በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የሚቀረውም ከብብቶቹ ሥር በየጎኑ አንዲት ትንሽ ጠባሳ ናት።